ለሰላዩ ፊልም ስኬት ከወደቀው ሰው ቤት የተላከ ምስጋና

ለተከበሩ የፊልም ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ ደህና ነው? አንገትዎስ? ደረጃ ሲወጡ የሚያገለግሉዎት ጉልበቶችዎ እንደምን አሉ? በአደባባይ ደብዳቤ የአለቃን አካል እየለዩ መጠየቅ ነውር ሊመስል እንደሚችል አላጣሁትም። እኛ ቤት ግን ጤና የሚባለው ነገር ከተበታተነ ወዲህ በጅምላ መጠየቅ ትተናልና ይቅር ይበሉኝ።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ በድርጅትዎ የልብስ ክፍል ሰፊ ነበርኩ። ስለ ሰላዩ በተሠራው የመጀመሪያ ፊልም ላይ ጀግናው ለብሶት የሚዞረውን ረጅም ጥቁር ካፖርት የሰፋሁት እኔ ነኝ። ተመልካች የሚያውቀው አንድ ካፖርት ነው። እኔ ግን የሰፋሁት ሁለት ነበር፤ አንዱ ፊታቸው በየግድግዳው ለተለጠፈው ለዋና ተዋናዩ፣ ሌላው በእሳቸው ፈንታ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ለሚዘለው፣ በመስኮት ለሚወረወረው፣ ከሚሮጥ መኪና ላይ ለሚንከባለለው ሰው። ያ ሰው ባለቤቴ ነው። ሲወድቅ ኮሽታ ስለማያሰማ የሥራ ጓደኞቹ «ላባ» ይሉታል። እርስዎም ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ «ላባዬ» ይሉት እንደነበር አስታውሳለሁ።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ እኔ ልብስ እየተኮስኩ፣ እሱ አልጋው ላይ እንደተጋደመ፣ ልጃችን ወለሉ ላይ የቤት ሥራዋን ዘርግታ ሳለ ድምፅዎ በሬዲዮ መጣ። ጋዜጠኛዋ፣ ተከታይ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ከፊተኛው ሲያንስ የእናንተው ሰላይ ግን ሲኒማ ቤቱን እንዳጨናነቀ ጠቅሳ፣ ምስጢሩ ምን እንደሆነ ጠየቀችዎት። እርስዎም ጉሮሮዎን ጠርገው ሦስት ነገር አስተማሩን፤ ተከታዩ ከፊተኛው መብለጥ አለበት፤ ተመልካቹ አደጋውን ማመን አለበት፤ ጀግናው ደግሞ ያው የምናውቀው ጀግና መሆን አለበት። ባለቤቴ ዓይኑን ከጣሪያው ሳይነቅል «ደህና ተናገሩ» አለ።

እንዲህ ያለ ዕውቀት ለነፋስ ተሰጥቶ እንዳይቀር፣ እርስዎ በትሕትናዎ ምክንያት የዘለሉትን እኔ ልሙላው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። ከዚህ ቀደም ለብቻዎ የጻፍኩልዎትን በተመለከተ ጸሐፊዎ «ጉዳዩ ተይዟል» ብላኛለች። ለረጅም ጊዜ እንደተያዘ ስለተረዳሁ፣ እጅዎ እንዳይዝል ብዬ ዛሬ በአደባባይ መጻፉን መረጥኩ።

አንደኛ፣ ተከታዩ ከፊተኛው መብለጥ አለበት ስላሉት።

እውነትዎን ነው፤ ምስጋናዬም ላቅ ያለ ነው። በመጀመሪያው ፊልም ባለቤቴ የዘለለው ከአንድ ዳቦ ቤት ጣሪያ ወደ አንድ መጋዘን ጣሪያ ነበር። በካፖርቱ ሥር ወገቡንና ጭኑን የሚይዝ ወፍራም ቀበቶ ታጥቋል፤ ቀበቶውም በገመድ ተይዟል። እኔ ለዚሁ ብዬ የእሱን ካፖርት ከጀርባው ሰፋ አድርጌ ሰፍቼ፣ ከስፌቱ ሥር ገመዱ ሾልኮ የሚወጣበት ክፍተት ትቼለት ነበር። ማንም አላየውም። ዘለለ፤ አረፈ፤ ከልማዱም የተነሣ የጉልበቱን አቧራ በእጁ ጀርባ አራገፈ። ያቺን ማራገፍ ዳይሬክተሩ ወደዷትና ዋና ተዋናዩ ፊታቸውን ለካሜራ እያሳዩ እንዲደግሟት አደረጉ። ዛሬ ልጆች በየመንገዱ ጉልበታቸውን የሚያራግፉት ከባለቤቴ በተወሰደው ልማድ ነው።

በሁለተኛው ፊልም ሁሉ ነገር በለጠ። ፎቁ ከፍ አለ፤ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሰፋ፤ ካሜራው በዛ። የቀነሰው የካፖርቱ ስፋት ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ በልብስ መለኪያው ክፍል ቆመው የእኔን ካፖርት ሲያዩት «ይኼ ሰላይ ነው ወይስ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የወጣ በሽተኛ?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ፣ ጀርባው ከጠበበ ቀበቶው ከሥሩ እንደማይገባ፣ ቢገባም እንደሚያብጥ አስረዳኋቸው። አልሰሙኝም። ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። እርስዎ ግን ደግ ነዎት፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ እስክጨርስም ታገሱኝ። ከዚያ «እህቴ፣ አንቺ መርፌሽን ያዢ፤ ገመዱን ለገመድ ሰዎች ተይላቸው» አሉኝ። በማግስቱ ካፖርቱ ውጭ ላለ ሌላ ሰፊ ተሰጠ፤ እኔም የወንበዴዎቹን ሸሚዝ ቁልፍ እንድተክል ተመደብኩ። በዚህ ዓይነት ለስላሳ እጅ ተገፍቼ ስለማላውቅ እስከ ዛሬ አመሰግንዎታለሁ።

ሁለተኛ፣ ተመልካቹ አደጋውን ማመን አለበት ስላሉት።

በዚህ ረገድ ያደረጉትን ጥረት ከእኔ በላይ የሚመሰክር ያለ አይመስለኝም፤ እዚያው ቆሜ አይቻለሁና። ያላለቀ ሕንፃ ነበር፤ የቀለም ሽታው ገና አልለቀቀም። ቀኑ ብራ ነው። እርስዎ ከጥላ ሥር ወንበርዎ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ በመጀመሪያ ቀበቶውን ታጥቆ፣ ገመዱ ተይዞለት ዘለለና በሰላም አረፈ። እኔም እፎይ ብዬ የስፌት ክሬን መጠቅለል ጀመርኩ።

ነገር ግን የተቀረጸው ተመልሶ ሲታይ ጠባቡ ካፖርት ከጀርባው ጉብ ብሎ ተገኘ። ዳይሬክተሩ ድስት የተሸከመ ሰው ይመስላል አሉ። እርስዎም ድምፅዎን ከፍ ሳያደርጉ «ተመልካቹ ገመድ ካየ አለቀልን። አንዴ ያለ ቀበቶ እንሞክረው፤ ፍራሽ ከታች ተነጥፎ የለ?» አሉ። የገመዱ ኃላፊ «እኔ በዚህ የለሁበትም» ብሎ ገመዱን ጠቅልሎ ወረደ። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ እርስዎ አየ፤ እርስዎ ሰዓትዎን አዩ።

እኔ ባለቤቴን ክንዱን ይዤ «ተው» አልኩት። «እምቢ ብል ሰው አላጡም፤ የሚያመጡት ደግሞ መውደቅ የማያውቅ ይሆናል» አለኝ። ቀጥሎም እንደ መሣቅ ብሎ «አንዴ ብቻ ነው። ምሳ አብረን እንበላለን» አለ።

ዘለለ። እግሩ አልደረሰም፤ እጁ ግን የወዲያኛውን ሰገነት ጠርዝ ያዘ። ጠርዙ ሲሚንቶ አልነበረም። ለካሜራ እንዲያምር ተብሎ የተለጠፈ፣ ሲሚንቶ መስሎ የተቀባ ሣንቃ ነበር። ከእጁ ጋር አብሮ መጣ። ፍራሹን በጎኑ ጨርፎ ከአጠገቡ በተከመረው ብረት ላይ ወደቀ። ላባ የሚሉት ሰው ያን ቀን ድምፅ አሰማ። ያን ድምፅ በቃል ልገልጸው አልችልም፤ ብችልም እዚህ አልጽፈውም። ዳይሬክተሩ «ቁረጥ!» ያሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ድርጅትዎ የሕክምናውን ወጪ ከመክፈል አላነሰም፤ በዚህ አላማዎትም። ሐኪሙ ሊያጽናናን ብሎ «እግሮቹ ምንም አልሆኑም፤ መልእክት ብቻ ነው የማይደርሳቸው» አለን። በሰላይ ፊልም የምንተዳደር ቤተሰብ መሆናችንን የነገረው ሰው ይኖር እንደሆነ አላውቅም። እኔ ሥራዬን ለቀቅኩ፤ አሁን ጎረቤት ያመጣልኝን ቀዳዳ ሱሪ እቤቴ እየጣፍኩ እሱን አገላብጠዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ጀግናው ያው የምናውቀው ጀግና መሆን አለበት ስላሉት።

ይህኛው ከሁሉም የረቀቀ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ባለቤቴ ማየት አለብኝ አለ። «ምን ያደርግልሃል?» ብዬ ብጠይቀው አልሰማኝም። ታናሽ ወንድሙና ሁለት ጎረቤቶች ከነተሽከርካሪ ወንበሩ ተሸክመው የሲኒማ ቤቱን ደረጃ አወጡት። ትኬት ቆራጩ መተላለፊያ ይዘጋል ስላለ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥን።

ያ ቦታ ሲደርስ አወቅሁት፤ የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። በትልቁ ሸራ ላይ ባለቤቴ ዘለለ፤ ያዘ፤ ተለቀቀ። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት «እናቴን!» ብላ ዓይኗን ሸፈነች። መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ምስሉ ይቆረጣል፤ ከዚያ ዋና ተዋናዩ ከአንድ ሰገነት ላይ ብድግ ብለው ጉልበታቸውን ያራግፋሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ደህና ወድቄያለሁ፣ አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ሌላ የምመልሰው ያላገኘሁበትን ምክንያት፣ የንግግር ችሎታዎ ከእኔ ስለሚበልጥ፣ እርስዎ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ ሥራውን የሠሩት ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ ሲፈስ እስኪያልቅ ጠበቅን። ውሻ ያሠለጠኑት አሉ። ውሃ ያቀረቡት አሉ። ሕንፃውን ያዋሱት ባለቤት አሉ፤ ይገባቸዋል፤ ሣንቃቸው ተሰብሯል። የባለቤቴ ስም ግን የለም። ለካስ ምክንያት ነበረው፤ ይህንንም በእሁዱ ሬዲዮ ላይ ነው የተረዳነው። «ዋና ተዋናያችን አንድም ዝላይ ለሌላ ሰው አሳልፈው ሰጥተው አያውቁም፤ ያያችሁት ሁሉ እሳቸው ናቸው» ብለው ሲናገሩ ካውያዬን አስቀምጬ ወደ አልጋው አየሁ። ጀግናው ያው ጀግና እንዲሆን ሌላኛው ሰው መኖሩ መቅረት አለበት። እኛ ደግሞ አልጋ ላይ ስላየነው ያለ መስሎን ነበር።

ሰኞ ልጄ ትምህርት ቤት «ከፎቁ የወደቀው የኔ አባት ነው» ትላለች። አስተማሪዋ አስጠርታኝ ሄድኩ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እጄን ይዛ ነው የነገረችኝ፤ «ልጅሽ ነገር ትፈጥራለች፤ የአባቷ ሕመም ከብዷት ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ሲናገሩ እኮ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለችኝ። ከሥራ አስኪያጅ ቃልና ከስምንት ዓመት ልጅ ቃል የቱ እንደሚታመን እኔም አውቃለሁና አልተቀየምኳትም።

ልጄ ግን እቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታወርድ አልጋው ዳር ቆመች። «አባዬ፣ እውነት አንተ ነህ የወደቅከው?»

«አዎ፣ የኔ እናት» አላት።

«ታዲያ ያኛው ተነሥቶ የለም እንዴ? አንተ ለምን አልተነሣህም?»

ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ምድጃው ዞርኩ። 

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ልተወው። የሚቀጥለው ነገር በየትኛው ትምህርትዎ ሥር እንደሚመደብ አላወቅሁም።

የሬዲዮ ንግግርዎን የጨረሱት ሦስተኛው ክፍል በቅርቡ መቀረጽ እንደሚጀምር በማብሠር ነበር። ሐሙስ ዕለት የተጣፈ ልብስ ለባለቤቱ አድርሼ ስመለስ ከመኝታ ክፍላችን ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሩን ስከፍት ዋርሳዬ፣ ማለት የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ መካከል ላብ አጥምቆት ቆሟል። የሕንፃ ቀለም ቀቢ ነው፤ ከፍታ አይፈራም፤ ቁመቱና ትከሻው ቁርጥ ወንድሙን ነው። ባለቤቴ ትራስ ተደግፎ ጣቱን እየቀሰረ «አገጭህን ወደ ደረትህ አልኩህ! ወገብህን አላላው። መሬቱን አትፍራው፤ ከፈራኸው ይመታሃል» ይለዋል። እኔን ሲያይ ባለቤቴ የቀሰረውን ጣቱን አጠፈ።

የድርጅትዎ ሰዎች ጠርተውት ለካ ፈርሟል። ዋርሳዬ መሬት መሬቱን እያየ «እነሱው ናቸው የፈለጉኝ» አለኝ።

«አንድ ወንድም አልበቃቸውም?» አልኩት።

ላቡን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ «ቀለም ስቀባም እኮ ከፎቅ ላይ ነው የምውለው» አለ። ወደ ባለቤቴ ዞሬ፣ አንተስ ምን ነክቶህ ነው የምታስተምረው ብዬ ጮኽኩበት። በትዳራችን ጮኼበት አላውቅም።

«ከልክዬው እምቢ አለኝ» አለ ባለቤቴ። «መሄዱ ካልቀረ መውደቅ አውቆ ይሂድ። ሌላ የምሰጠው ምን አለኝ?»

ከክፍሉ ወጥቼ በሩን ዘጋሁት። ጥቂት ቆይቶ ዱብታው ቀጠለ። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ያንን እየሰማሁ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ። አንደኛው፣ በዚያው ሬዲዮ፣ በዚያው ባማረ ድምፅዎ፣ ከፎቁ የወደቀው ሰው ዋና ተዋናዩ አለመሆናቸውን እንዲናገሩ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ሲናገሩት ልጄ ሬዲዮው ሥር ትቀመጣለች። ሁለተኛው፣ ለዋርሳዬ የተሰፋውን ካፖርት ከቀረጻው በፊት እርስዎ ራስዎ ቀበቶውን ታጥቀው እንዲለብሱት ነው። ጎንበስ ብለው፣ ክንድዎን ዘርግተው ይዩት። ካልተመቸዎት፣ በዚያ ካፖርት ማንም እንዳይዘል ያዝዙ። የሚዘለልበትን ጠርዝ ደግሞ ሣንቃ ይሁን ሲሚንቶ በእጅዎ አንኳኩተው ይለዩት፤ ያምር እንደሆነ ሳይሆን ይይዝ እንደሆነ።

ይህን የሚያነብም ሁሉ የቀረጻውን ቦታ ያወቀ እንደሆነ በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ ወደ ላይ እንዲያይ እለምናለሁ። ተመልካች መብዛቱን እርስዎም እንደሚወዱ አውቃለሁ።

ለአራተኛውም ለአምስተኛውም ክፍል ዕድሜ እንዲሰጥዎት፣ ከወንበርዎ ሊነሡ ሲሹ እግርዎ እንዲታዘዝልዎት፣ ልጆችዎ የሚነግሯቸውን ሁሉ ሰው እንዲያምናቸው፣ በሄዱበት ሁሉ የሚይዙት ነገር እንዳይነቀልብዎት ከልብ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበትዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የላባ ሚስት፣ ውሸታም የተባለችው ልጅ እናት፣ የአዲሱ ዘላያችሁ ዋርሳ፤
ቀድሞ የድርጅትዎ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳልልከው ዋና ተዋናዩ ጥቁር መነጽር አድርገው ብቻቸውን ቤታችን መጡ። ከወደቀበት ቀን ጀምሮ የእርስዎን መምጣት ስንጠብቅ ስለነበር እሳቸው መሆናቸውን ስናይ ትንሽ ደነገጥን። የባለቤቴን እጅ ይዘው ብዙ ተቀመጡ፤ በሬዲዮ የተባለውን እሳቸው እንዳላሉት፣ እንዳያስተባብሉም በውል እንደታሰሩ ነገሩን፤ አለቀሱም። ሊሄዱ ሲነሡ ግን ከቤታችን የሚያስወርደው የብረት ደረጃ በመርገጫዎቹ መካከል መሬቱን ስለሚያሳይ፣ አናቱ ላይ ደርሰው ቆሙና ከፍታ እንደሚያዞራቸው በጆሮዬ ነገሩኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እኔ እጃቸውን ይዤ፣ አንድ በአንድ አወረድኳቸው። ታች ሲደርሱ ይህን ለማንም እንዳልናገር አጥብቀው ለመኑኝ፤ እሺ አልኳቸው። ቃሌን ጠብቄ ለማንም አልተናገርኩም፤ ጻፍኩት እንጂ።